ከስፌት መኪናው ጀርባ የነበረችው ምኩራብ

ባለፈው ግንቦት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ አሰላ ሄጄ ነበር። ሙሽሮቹ ለፎቶ ሲወጡ እኔ አዲሱ ጫማ እግሬን ስለበላኝ ነጠላ ጫማ አጥልቄ ወደ ድሮ ሰፈራችን ብቅ አልኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ የሰፋበት በረንዳ የለም። በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ ታቹ ባንክ፣ ላዩ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከዚያ በላይ ገና ባዶ ነው። አልተናደድኩም። ከተማ ነው፣ ያድጋል፤ እኔስ መች ያኔ በነበርኩበት ቀረሁ። ያስቆመኝ የኋላው አጥር ነው።

የብሎኬቱ አጥር ከማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ይመጣና ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አልጋ የምታህል መሬት በውጭ በኩል ትቶ ይዞርና ወደ መስመሩ ይመለሳል። ዛሬ አሰላ ውስጥ ለአንድ ክንድ መሬት ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ ያን ያህል ቦታ እንዲሁ የሚተው ሰው የለም። በተተወችው መሬት ላይ ጤና አዳም እንደ አረም በቅሏል። ጎንበስ ብዬ አንዲት ቅርንጫፍ ቀነጠብኩና በመዳፌ አሸኋት።

ሽታው የእማማ በድራን እጅ አመጣብኝ። እዚያው አጥሩ ጥግ እንባዬ መጣ፤ ለሠርግ የተኳልኩት ኩልም አብሮ ወረደ።

እማማ በድራን ሰፈሩ «ዓረቧ» ይላቸው ነበር። በልጅነታቸው ከዓደን ለባል ተሰጥተው የመጡ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው የማይለይ አሮጊት ነበሩ። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ዓረብኛውን በአንድ ትንፋሽ ይቀላቅሉታል፤ ግን ማንም ተቸግሮ አያውቅም፣ ሁሉም የሚገባውን ይመርጥና ይወስዳል። ዓረብ ይባሉ እንጂ መስጊድ አይሄዱም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይስሙም። ቅዳሜ አገር ምድሩ ገበያ ሲወጣ እሳቸው ነጭ ለብሰው ቁጭ ይላሉ። እናቴ ይህን ነገር በራሷ መንገድ ጨርሳዋለች፤ «ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራሉ፤ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ» ትልና ሌላ ጥያቄ አትቀበልም።

አባቴ ታደሰ የስፌት መኪናውን የዘረጋው በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ከመኪናው ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ሲገባ ጓሮ ይገኛል፤ ጓሮው ውስጥ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራች ባለ ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነበረች። በበሯ መቃን ላይ ጣት የምታህል የቆርቆሮ ቀፎ ተመትታለች፤ እማማ በድራ ሲገቡም ሲወጡም ይነኳትና ጣታቸውን ይስማሉ። እኔ ለቡዳ የተሰቀለች ክታብ መስላኝ ስለነበር በአጠገቧ ሳልፍ ትንፋሼን እውጥ ነበር።

አንድ ቀን አባቴን «ያ ቤት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ «ምኩራብ ነው» አለኝ።

በእኔ ዕውቀት ምኩራብ በዐቢይ ጾም የሚነገርለት፣ ጌታ በጅራፍ ነጋዴዎቹን ያባረረበትና ገበታቸውን የገለበጠበት ቤት ነው። ሮጬ ሄጄ በጠባቡ መስኮት አጮለቅሁ። እውነትም የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገልብጠዋል።  ነገሩ የሆነው እኛው ጓሮ ነው ማለት ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ደፍሮ ያቃናቸው ሰው የለም። ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸውና ግማሾቹ ሊያዩ መጥተው አይተዋል፤ አንዷም እንኳ አልተጠራጠረችም።

አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ጭላሎ ደመና ለብሶ አይወልቅም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ይነክራሉ። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ፣ «ቤት ተቀምጠሽ ከምታነጫንጪኝ እማማ በድራን ርጂ» አለችኝና አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ የምኩራቧ ጠራጊ ሆንኩ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ወንበሮቹን ላለመንካት በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄድኩ።

«እማማ፣ እነዚህን ማንም አያቃናቸውም?»

«ማን ያቃናል? እኔ ነኝ የገለበጥኳቸው።»

«እርስዎ?»

«ጣራው ያፈሳል፣ ቢንቲ። መቀመጫው በሰበሰ።»

ቢንቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። የክፍል ጓደኞቼን ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ወለሉን ስጠርግ አመሸሁ።

እሳቸው ግን ሲሠሩ የሚያወሩ ሴት ነበሩ፤ ክፍሏን ያወቅኋት ከዚያ ወሬ ነው። ባለቤታቸው ሳሌም፣ አባቱና ወንድሞቹ ቆዳ ገዢዎች ነበሩ። ከዓደን በጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ እስከ አርሲ ደጋ ወጡ። ብርዱ ሊገድላቸው ደርሶ ነበር አሉ፤ ሳሌም የመጀመሪያውን ክረምት ሁለት ካፖርት ደርቦ ነው ያለፈው። ቤት ሳይሠሩ፣ ሚስት ሳያመጡ በፊት መጀመሪያ ይህችን ክፍል ሠሩ። የበሩ ዝግባ የመጣው ከጢቾ በኩል ነው፤ አናጺውም የዚያው አገር ሰው ነበር። ፊቷ ወዴት ይሁን ሲላቸው ወደ ኢየሩሳሌም አሉት። ከአሰላ ሲታይ ያ ማለት በናዝሬት መንገድ በኩል ነው። በጣሊያን ጊዜ ክፍሏን ነጥቀው ጭድ አጨቁባት፤ ጣሊያን ሲወጣ ወንዶቹ ጭዱን አውጥተው፣ ወለሏን አጥበው፣ በዚያው ሳምንት ጸለዩባት።

«ብዙ ነበራችሁ?»

«የት ብዙ! አሥር እንኳ አንሞላም።»

በሕጋቸው አሥር ወንድ ካልሞላ ትልቁ ጸሎት አይባልም። ለበዓል ከናዝሬትና ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሰው ይመጣል። ዘጠኝ ሲሆኑ ሳሌም ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ ናዝሬት መንገድ ያያል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያያል። ሰውን ደግሞ በጣት እየጠቆሙ መቁጠር ነውር ነው። አሥር ቃል ያላት አንዲት አጭር ጸሎት አለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቃል ይሰጣሉ፤ ቃሉ ሲያልቅ ቤቱ ሞላ ማለት ነው። ይህኛው አልገረመኝም፣ እናቴም ልጆቿን ሲቆጥሩባት ትቆጣ ነበር።

«ሴት አትቆጠርም?»

«አትቆጠርም።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አገባዎት? ለምን ይጠርጋሉ?»

የእናቴ ጥፊ እዚያ አለመኖሩ ጠቀመኝ። እማማ በድራ ግን አልተቆጡም። ጨርቁን ጨምቀው፣ «እስኪሞላ ድረስ ማን ይጥረገው?» አሉኝ።

ቤቷ ግን እንደገና አልሞላችም። የሳሌም ወንድሞች አንዱ ሞተ፣ ሌላው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ የእማማ በድራ ልጆችም ሲያድጉ ተከተሉት። ሳሌም አዲስ አበባ ሊታከም ሄዶ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እሳቸው ቀሩ። የቀሩበትን ምክንያት የተረዳሁት በገዛ መንገዴ ነው፤ ያውም በስሕተት።

በስተፊቷ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ የተጋረደበት ቁምሣጥን ነበር። ጠርገን ስንጨርስ እማማ በድራ መጋረጃውን ይስሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ይላሉ፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስታስተኛ የምታወጣው ድምፅ ነው። እንግዲያው ከመጋረጃው ጀርባ ልጅ ተኝቷል፤ ደካማ፣ የማይወጣ፣ የማይታይ ልጅ። እሳቸው ከአገር ያልወጡት ለዚህ ነው። እኔም ነገሩን ለማንም ሳልናገር አንድ አርብ አክስቴ ከዲክሲስ ካመጣችልን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቆርሼ ከመጋረጃው ሥር አስቀመጥኩለት። በሚቀጥለው አርብ ስንገባ ጉንዳን ከበሩ እስከ ቁምሣጥኑ ተሰልፎ ነበር።

እማማ በድራ ጭኮውን አነሱ፣ እኔን አዩ፣ ጭኮውን አዩ።

«ለማን ነው?»

«ለልጁ።»

ነገሩ ሲገባቸው ወንበር ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደና እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጋረጃውን ከፈቱልኝ። ሐር የለበሰ፣ ወገቡ በመቀነት የታሰረ የእንጨት ቀፎ ቆሟል። ውስጡ በሰው እጅ የተጻፈ ኦሪት ነው፣ ጥቅል ብራና። የሳሌም አባት ከዓደን በደረቱ አቅፎ ነው ያመጣው።

«ጭኮ አይበላም» አሉኝ። «ግን አልተሳሳትሽም። እንደ ልጅ ነው፤ ብቻውን አይተውም።»

ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትገባ ከጓሯቸው ጤና አዳም ይቀነጥቡና በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያደርጉልኛል። ሰንበት ስትወጣ ነፍስ ይደክማታል፣ ጥሩ ሽታ ያበረታታታል ይሉኝ ነበር። ነፍሴ መድከሟን አላውቅም፤ መዳፋቸው ግን ሻካራና ሙቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሳምንቱ በዚያ ሽታ ያልቅልኝ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ሐሩን ከባሕር ማዶ ደወለላቸው። ነሐሴ ሲያልቅ ሊወስዳቸው ይመጣል። ጤናቸው ደክሟል፣ ማንም የላቸውም፤ ክርክር አያስፈልገውም። ግቢውን የሰፈራችን እህል ነጋዴ ጋሽ ደምሴ ሊገዛው ተስማማ። እማማ በድራ ነገሩን ለአባቴ ሲነግሩት ፊታቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ኦሪቱ አብሯቸው ይሄዳል፣ ደኅና የሆኑት መጻሕፍትም ይሄዳሉ። ስላረጁት የጸሎት መጻሕፍት አልተነሳም። እነሱ በምኩራቧ ጀርባ ባለች ጓዳ፣ ዝናብ እየመታቸው፣ አይጥ እየበላቸው በክምር የተቀመጡ ነበሩ።

ከዚያ ኦቾሎኒው መጣ። አንድ ቀን ከመንገድ ማዶ ካለችው ኪዮስክ ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ እንደ ልማዱ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ግማሹን በልቼ ወረቀቱን ሳየው ፊደሉ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር፣ ከምኩራቧ ግድግዳ ላይ የማውቀው ፊደል ነው። እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው።

እማማ በድራ የተረፈውን ኦቾሎኒ መዳፌ ላይ አፈሰሱት። ወረቀቱን ዘርግተው ጨውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ዘይት ጠጥቶ ስለነበር አልለቀቀም። ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። የጓዳዋ መስኮት ተሰብሯል፤ ከክምሩ ላይ አንድ እቅፍ ጎድሏል፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም።

እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ልሄድ ነው፣ ቢንቲ» አሉኝ፤ «እኔ ስሄድ ሁሉም ኦቾሎኒ መጠቅለያ ነው የሚሆነው።»

ሳቅ ያልተቀላቀለበት ለቅሶ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። 

ያንኑ ቀን ወደ በረንዳው ወጥተው አባቴ ፊት ቆሙ። አባቴ ልብስ ሰፊ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ እድር ዳኛም ነበር።

«ታዴ፣ በእኛ ሕግ ያረጀ መጽሐፍ አይቃጠልም፣ አይጣልም። እንደ ሰው ይቀበራል።»

«ይቀበር፣ እማማ። እኔ ራሴ ጉድጓዱን እቆፍርልዎታለሁ።»

«አንተን አይደለም የምፈልገው። እድሩን ነው።»

የአባቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«እናንተ ሁላችሁ ስትሞቱ ከድንኳናችሁ ቀርቼ አውቃለሁ?» አሉት። «የአባትህ የቀብር ቀን ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሳሌም እዚህ አልተቀበረም፤ እኔም እዚህ አልቀበርም። ድንኳናችሁ በእኔ ደጃፍ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። አሁን ትከሉልኝ። ጥሩምባ ይነፋልኝ።»

«እማማ፣ እድር እኮ ለሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አለኝ? ቤተሰቤ እነሱ ናቸው።»

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። እኔ ብርጭቆ በማቀበል ሰበብ እዚያው ነበርኩ። አባቴ ነገሩን ሲያቀርብ መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና ጋሽ ደምሴ ተነሳ። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በሕይወቱ ያልመዘነውን ነገር አያምንም።

«ሰዎች፣ እንንቃ እንጂ! ለወረቀት ጥሩምባ ተነፍቶ ያውቃል? ጣሊያኑም ዓረቡም ከዚህ አገር ሲወጣ መሬት ውስጥ ምን ትቶ እንደሄደ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኛ ድንኳን ተክለን፣ አልቅሰን፣ ወርቅ ልንቀብር ነው እንዴ?»

ማጉረምረም ሆነ። ወሬው አስቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች አካፋ ይዘው በአጥር ሲያጮልቁ እናቴ በመጥረጊያ አባርራቸዋለች።

ያኔ የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በእኛም ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ በየሜዳው አይጣልም» አሉ። «ክብር አለው።»

ሐጂ ከድር፣ የጋሪዎቹ ባለቤት፣ ከወዲያ ጥግ ቀበል አደረጉ። «ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው። እኛም ቁርኣን ሲያረጅ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ሰው በማይረግጠው መሬት እንቀብራለን። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ጥሩምባው ነው አዲስ።»

«እኔ መንፋቱን እነፋለሁ» አለ ጥሩምባ ነፊው በየነ፤ «ግን ማን ሞተ ብዬ ልጥራ?»

 ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው በመጨረሻ የጋሽ ደምሴ ሐሳብ አሸነፈ። እድሩ ይወጣል፤ ከመቀበሩ በፊት ግን ክምሩ በሰው ሁሉ ፊት ይፈተሽ። ይህን ለእማማ በድራ የሚነግረው አባቴ ነው። መተላለፊያው ውስጥ ሦስቴ ወጣ ገባ ሲል አየሁት። ገብቶ ሲነግራቸው ደግሞ መሬት መሬት እያየ ነው የነገራቸው።

እማማ በድራ እምቢ ቢሉ መጻሕፍቱ ወደ ኪዮስኩ ይሄዳሉ፤ እሺ ቢሉ ይህን ሁሉ ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰው ፊት እንደ ሌባ ሊፈተሹ ነው። 

«ይምጡ» አሉ። «ሁሉም በእጁ ይያዝ፣ ይግለጥ፣ ያራግፍ። ያልያዙትንስ እንዴት ይቀብሩታል?»

አባቴ በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካም። ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፋ፤ ለሰው ከፈን እንደሚሰፋው ቋጠሮ ሳያበዛ። እኔ ጨርቁን በወዲያ ጫፍ እይዝለታለሁ። አቡጀዲው የሚያወጣው አቧራ ያስነጥሰኛል፤ አባቴ ግን ሳይስቅ ስፌቱን ይቀጥላል።

ነሐሴ ውስጥ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። በየነ ረጅሙን ነፍቶ ዝም አለ፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ ያስታውቃል። ከዚያ ጮኸ፤ «የእድርተኛችን የእማማ በድራ ቤተሰብ ስላረፉ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቀብር ላይ እንድትገኙ!»

ይህን ቃል ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየቤቱ ወጡ። ግማሾቹ እውነት ሰው የሞተ መስሏቸው ደረታቸውን እየመቱ ደረሱና፣ «ማን ነው? ማን ነው?» ሲሉ እናቴ «ቤተሰባቸው ነው፤ አልቅሱ» አለቻቸው። አለቀሱ። የአሰላ ሴት ለለቅሶ ከመጣች ሳታለቅስ አትመለስም።

በምኩራቧ ውስጥ ወንበሮቹ ተቃንተው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው ቆመው አየኋቸው። ወንዶቹ ኮፍያቸውን ሊያወልቁ ሲሉ እማማ በድራ «አይወለቅም፣ በዚህ ቤት ራስ ይሸፈናል» አሏቸው፤ ሐጂ ከድር በቆባቸው፣ መሪጌታ በጥምጥማቸው፣ አባቴ በባርኔጣው ገቡ። ባዶ ራሱን የመጣው ጋሽ ደምሴ ብቻ ነበር፤ የእናቴን ነጠላ ተበድሮ ራሱን ሸፈነ። ክምሩ ከጓዳ ወጥቶ ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ ተሰጠው።

ማንም አላራገፈም። ሁሉም ግን ጋሽ ደምሴን ያይ ነበር። እሱም የደረሰውን መጽሐፍ ገለጠ። ዳሩ ላይ የሰም ጠብታ አለ፤ የልጅ እጅ በእርሳስ ፈረስ የሚመስል ነገር ስሎበታል። ያዘ፣ አዘቀዘቀ፣ አራገፈ። የደረቀች የጤና አዳም ቅንጣት ወለሉ ላይ ወደቀች። ሌላ ምንም አልወደቀም። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብሎ ቅንጣቷን አነሳ፣ ወደ ቦታዋ መለሳት፣ መጽሐፉን ዘጋ። ከዚያ እጁ ያለ ፈቃዱ የለመደውን አደረገ። መጽሐፉን ወደ ግንባሩ አነሳና ሳመው። ከሳመው በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የታወቀው። ዙሪያውን ሲያይ ማንም አልሳቀም፤ ከአጠገቡ የነበሩትም የያዙትን ሳሙ።

እማማ በድራ አልገቡም፤ የሴት ቦታ ነው ብለው በሩ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ቀሚሳቸውን ይዣለሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዓይናቸው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቃል እየሰጧቸው መሆኑ ገባኝ። ቃሉ አለቀ፤ ሰዉ ግን አላለቀም። ከንፈራቸው ቆመ።

«ሞላ?» አልኳቸው።

«አልሞላም፣ ቢንቲ። በሕጋችን እነዚህ አይቆጠሩም።»

ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔም ተቆጥሬ አላውቅም» አሉ። «ቤቱ ግን ሞልቷል።»

ከዚያ መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ወደ ከረጢቱ፣ ከከረጢቱ በጓሮው ጥግ ወደተቆፈረው ጉድጓድ ሄዱ። ኦቾሎኒ የተጠቀለለበትን ወረቀት እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እሱ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። መሪጌታ በግዕዝ፣ ሐጂ ከድር በዓረብኛ፣ እማማ በድራ በራሳቸው ቋንቋ ጸለዩ። አፈሩ እርጥብ ስለነበር ሲወድቅ ድምፁ ከባድ ነበር። ድንኳኑ ሦስት ቀን አልፈረሰም፤ ሰው ቁጭ ብሎ አመሸ፣ ሽሮ ተበላ፣ ስለ ሳሌም ካፖርት ተወራ። ለቀስተኛ ሊያጽናናቸው ሲመጣ እማማ በድራ ብድግ እያሉ ይቀበሉ ነበር፤ ይህን ለሌላው ሲያደርጉ እንጂ ሲደረግላቸው አይቼ አላውቅም።

ሐሩን መጥቶ ወሰዳቸው። ኦሪቱን እሳቸው አላስነኩም፤ በጋቢ ጠቅልለው በደረታቸው አቀፉት። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ታናሽ ወንድሜ «ሕፃኑ ማነው?» አለ፤ እኔ ግን የማውቀውን አልነገርኩትም። ከመውጣታቸው በፊት ከበሩ መቃን ላይ ያችን የኦሪት ቃል ያዘለች የቆርቆሮ ቀፎ ነቅለው ወሰዱ፤ በቦታዋ ነጭ ምልክት ቀረ። ከቅዳሜው ጤና አዳማቸው አንድ ሥር ነቅለው መጻሕፍቱ ላይ የተከሉት ግን እዚያው ነው። እኔን ግንባሬን ሳሙኝ፤ እጃቸው ያው ሽታ ነበረው። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ጋሽ ደምሴ ግቢውን ሲረከብ ከተማው ሁሉ ይቆፍራል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ የሠራው ሥራ ቦታዋን በእንጨት ማጠር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ስለ ወርቅ ቢያነሳበት፣ «እኔ አራግፌ አይቻለሁ፤ ሂድና ሥራህን ሥራ» ይለው ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ በታጠፈው አጥር ጥግ ስቆም የባንኩ ጥበቃ መጣ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም።

«እናቴ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ምንም። ይቺ መሬት ለምን እንደተተወች እያየሁ ነው።»

«እሷን አይነኩም፤ አደራ ናት» አለኝ። «ፎቁን የሠሩት ሰውዬ ከድሮው ባለቤት ሲገዙ አደራ ተብለው ነው የገዙት። መቃብር ነው። እድር ነው የቀበረው አሉ።»

«ማንን?»

«ስማቸውን የሚያውቅ የለም። የእማማ በድራ ቤተሰብ ነው የሚባለው።» ፊቴን አየ፣ የወረደውን ኩል አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ጤና አዳም አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘመድ ነዎት እንዴ?»

«ለቀስተኛ ነኝ» አልኩት።

ከጥበቃ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበሩን አውጥቶ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ አጥሩ የሚታጠፍበት ጋ አስቀመጠልኝ። ኮፍያውን ይዞ ትንሽ አብሮኝ ቆመና፣ «ፈጣሪ ያጥናዎት» አለኝ።